ለንደን የገባ አዲስ ተማሪ የመጀመሪያውን ቅዳሜና እሑድ የት ያሳልፍ? አምስት አማራጮች በንጽጽር

ለትምህርት ለንደን የገባ ተማሪ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በምዝገባ፣ በመታወቂያ ካርድና በትውውቅ ስብሰባ ያልቁበታል። ዓርብ ማታ ክፍሉ ገብቶ ሲቀመጥ ሁለት ባዶ ቀናት ይጠብቁታል። ምክር የሚሰጥ ሰው አይጠፋም፤ አንዱ ቢግ ቤንን ይላል፣ ሌላው ዊንዘርን፣ ሦስተኛው ሙዚየም ሳታዩ እንዳትውሉ ይላል። የትኛው ቦታ እሑድ እንደሚዘጋ፣ የትኛው ቀድሞ ካልተያዘ እንደሚያስቸግር፣ ደርሶ መልሱ ስንት እንደሚፈጅ አብሮ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ገንዘቡ የሚባክነውም እዚያ ላይ ነው፤ በር ላይ በተገዛ ውድ ትኬት፣ መውጫ ላይ ሳይነካ በታለፈ ካርድ፣ ለጥገና በተዘጋ የባቡር መስመር።

ከዚህ በታች አምስት አማራጮች በአንድ ዓይነት መመዘኛ ተፈትሸዋል። አስቀድሞ ግን ስለ ሰዓት አንድ ማሳሰቢያ አለ። እዚህ የተጻፉት ሰዓቶች ሁሉ በእንግሊዝ አቆጣጠር ናቸው። 10:00 ማለት እኛ ጠዋት 4 ሰዓት የምንለው ነው፤ 17:45 ደግሞ ለምሽቱ 12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። የመግቢያ ሰዓት ስትይዙ የስልካችሁን ሰዓት እንጂ በልባችሁ የምትቆጥሩትን አትከተሉ። በዚህ ስሕተት ትኬቱ የተቃጠለበት ተማሪ ብዙ ነው። ዓመቶቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ ጠቅላላ ወጪ ነው፤ መግቢያው ብቻ ሳይሆን ትራንስፖርቱና ምሳውም ይደመራሉ። አዲስ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የባንክ ሒሳቡ ገና አልተከፈተም፣ አበሉም አልገባም፤ በእጁ ያለችውን ይዞ ነው የሚወጣው። እዚህ ላይ ለንደን ደግ ከተማ ናት። ከታኅሣሥ 2001 ጀምሮ የብሔራዊ ሙዚየሞቹ ቋሚ ስብስብ ለሁሉም ሰው ነፃ ነው። በሮምና በፓሪስ ብዙ ሙዚየሞች የወጣት ቅናሹ ለአውሮፓ ዜጋ ወይም ነዋሪ ነው፤ ለንደን ውስጥ ግን በር ላይ ፓስፖርት የሚጠይቃችሁ የለም።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። ቅዳሜና እሑድ እዚህ አንድ አይደሉም። ዌስትሚኒስተር አቤይና ሴንት ፖል ካቴድራል እሑድ ለአምልኮ እንጂ ለጉብኝት አይከፈቱም። ትልልቅ ሱቆች እሑድ የሚሠሩት ለ6 ሰዓታት ብቻ ነው። የባቡር ጥገናም የሚደረገው በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ቀናት ነው።

ሦስተኛው ቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። አራተኛው ዝናብና ብርሃን። በመስከረም መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው 19:00 ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ በጥር አጋማሽ ለሚገቡት ግን 16:20 አካባቢ ይጨልማል፤ ስለዚህ ያው የእግር ጉዞ በጥር ሁለት ሰዓት ተኩል ያጥራል።

አምስተኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ከቀኑ በኋላ ምን ይተርፋችኋል? ዓመቱን ሙሉ በምትኖሩበት ከተማ የመጀመሪያው ቅዳሜ መንገድ ካስተማራችሁ፣ አውቶቡስ ካስለመዳችሁ፣ ሰው ካስተዋወቃችሁ ዋጋው ከአንድ ፎቶ ይበልጣል። የቱሪስትና የተማሪ ምርጫ የሚለያየውም በዚህ ነው። ቱሪስቱ በሦስት ቀን ይመለሳል፤ እናንተ ግን ዝነኛውን ቦታ ለማየት ገና ብዙ ቅዳሜ አላችሁ።

ሁሉንም አማራጭ የሚነካው፦ ትራንስፖርት

አውቶቡስ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ይህ ከ2014 ጀምሮ የጸና ነው። የሚከፈለው ገንዘብ በሚሞላበት የከተማው የጉዞ ካርድ በኦይስተር፣ በማስነካት በሚከፍል (ኮንታክትለስ) የባንክ ካርድ ወይም በስልክ ነው። አንድ የአውቶቡስ ጉዞ በ2025 1.75 ፓውንድ ነበር። ካርዱን መጀመሪያ ካስነካችሁበት ጊዜ አንሥቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ የምትሳፈሩባቸው ሌሎች አውቶቡሶች ተጨማሪ አያስከፍሉም። የቀን ጣሪያም አለ፣ ማለትም በአንድ ቀን ከዚያ በላይ የማይቆረጥበት መጠን፤ አውቶቡስ ብቻ ለተጠቀመ በ2025 5.25 ፓውንድ ነበር። በምድር ውስጥ ባቡር፣ በተለምዶ ቲዩብ በሚባለው፣ የዞን 1 እና 2፣ ማለትም የመሐል ከተማው የታሪፍ ክልሎች፣ የቀን ጣሪያ በ2025 8.90 ፓውንድ ነበር። በየዓመቱ መጋቢት ላይ ታሪፍ ስለሚከለስ ከመውጣታችሁ በፊት የከተማውን ትራንስፖርት መተግበሪያ ተመልከቱ።

ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነው፦

- አውቶቡስ ላይ ስትገቡ ብቻ ታስነካላችሁ፤ ባቡር ላይ ግን ስትገቡም ስትወጡም ነው። መውጫ ላይ ከረሳችሁ ሥርዓቱ የት እንደወረዳችሁ ስለማያውቅ ከፍተኛውን ታሪፍ ይቆርጣል፤ ከመደበኛው ሦስት እጥፍ ገደማ ሊሆን ይችላል። በስማችሁ አካውንት ከከፈታችሁ ተመላሽ መጠየቅ ይቻላል።
- ስልካችሁና የባንክ ካርዳችሁ ከአንድ ሒሳብ ቢከፍሉም ለሥርዓቱ ሁለት የተለያዩ ካርዶች ናቸው። ጠዋት በስልክ፣ ከሰዓት በካርድ ካስነካችሁ የቀን ጣሪያው አይሠራላችሁም።
- ቦርሳ ውስጥ ሁለት ካርድ አንድ ላይ አድርጋችሁ ቦርሳውን አታስነኩ፤ የትኛው እንደሚነበብ አታውቁም።
- የውጭ አገር ካርድ ቢሠራ እንኳ ባንኩ በየክፍያው የምንዛሪ ክፍያ ሊጨምር ይችላል። እጃችሁ ላይ ጥሬ ፓውንድ ካለ ኦይስተር ገዝታችሁ ቲዩብ ጣቢያ ባለው ማሽን መሙላት ይሻላል። ለካርዱ ራሱ የምትከፍሉት ግን አይመለስም።

የቅናሽ ካርዶቹም ያደናግራሉ። ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ ተማሪዎች የሚሰጠው ፎቶ ያለበት ኦይስተር 30 በመቶ የሚቀንሰው የሳምንት፣ የወርና የዓመት ማለፊያ ላይ ነው፤ እንደየጉዞው ለሚከፍል ሰው ቅናሽ የለውም። ሬይልካርድ የሚባለው ግን ሌላ ነው። ከ16 እስከ 25 ዓመት ላሉ ሰዎች ነው ቢባልም ከ26 ዓመት በላይ የሆነ የሙሉ ጊዜ ተማሪም ማግኘት ይችላል። ለማስተርስ የሚመጣ ብዙ ኢትዮጵያዊ ዕድሜዬ አልፏል ብሎ ስለሚተወው ይህን አስምሩበት። በ2025 የአንድ ዓመቱ 35 ፓውንድ ነበር፤ የባቡር ትኬት በሲሶ ይቀንሳል። ስለዚህ በዓመት በሙሉ ዋጋ 105 ፓውንድ የሚያወጣ ጉዞ ካላችሁ ወጪውን መልሷል። ጣቢያ ላይ ሠራተኛ ጠይቃችሁ ከኦይስተራችሁ ጋር ካገናኛችሁት ደግሞ ከጥድፊያ ሰዓት ውጭ፣ ማለትም ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀን፣ የቲዩብ ታሪፋችሁም ይቀንሳል። ከባንክ ካርድ ጋር ግን አይገናኝም።

1. ደቡብ ኬንሲንግተን፦ የሙዚየሞቹ ሰፈር

ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምና የሳይንስ ሙዚየም ጎን ለጎን ናቸው። በዲስትሪክት፣ በሰርክል ወይም በፒካዲሊ መስመር ሳውዝ ኬንሲንግተን ወርዳችሁ በእግረኛ ዋሻው ወይም በመንገዱ ጥቂት ደቂቃ ትሄዳላችሁ። ሦስቱም ነፃ ናቸው፤ የሚያስከፍሉት ጊዜያዊ ዐውደ ርእዮች ብቻ ናቸው። ቪክቶሪያና አልበርት ከ10:00 እስከ 17:45፣ ዓርብ ግን እስከ 22:00 ይቆያል። የተፈጥሮ ታሪክ 17:50 ይዘጋል፣ የሳይንስ 18:00።

ቅዳሜ እኩለ ቀን አካባቢ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በር ላይ ሕፃናት የያዙ ቤተሰቦች ይሰለፋሉ። ነፃውን የመግቢያ ሰዓት ቀድማችሁ በኢንተርኔት ያዙ፤ 10:00 ላይ ግቡ፣ ወይም ደግሞ ከ15:00 በኋላ። በአንድ ቀን ከሁለት በላይ ሙዚየም አትሞክሩ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ እግር እንጂ ዓይን አይደለም የሚሄደው፤ መግቢያው ነፃ ስለሆነ ሌላ ቀን መመለስ ምንም አያስወጣችሁም። ሻንጣ ይዛችሁ አትሂዱ፣ አያስገቡም።

ለእኛ ይህ ሰፈር ሌላም ትርጉም አለው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከማቅደላ ከወሰዳቸው ቅርሶች መካከል የወርቅ ዘውዱና የወርቅ ጽዋው የሚገኙት በቪክቶሪያና አልበርት ስብስብ ውስጥ ነው። እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም እንዳሠሯቸው ይታመናል። ሙዚየሞች ቅርስ ከማሳያ ሣጥን ያነሣሉ፣ ክፍልም ያዛውራሉ። ስለዚህ በማለዳ ተነሥታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የሙዚየሙ ድረ ገጽ ፍለጋ ላይ “ማቅደላ” የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ቅርሱ ለእይታ ቀርቦ ከሆነ የክፍሉን ቁጥር ይነግራችኋል። የብሪቲሽ ሙዚየም ጉዳይ ደግሞ የተለየ ነው። በዚያ ያሉት ታቦታት ተሸፍነው ተዘግተው የተቀመጡ ናቸው፣ ለሙዚየሙ ሠራተኞችም አይታዩም። ታቦት አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው አያገኝም፤ ታቦት በመታየት የሚከበር እንዳልሆነ ለምናውቅ ሰዎች ግን ከዚያ ቤት መገኘታቸው ራሱ ያስቆዝማል። ብራናዎቹን በተመለከተ ዩስተን መንገድ ላይ ያለው ብሪቲሽ ላይብረሪ ከማቅደላ የመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የግዕዝ መጻሕፍትን ይዟል።

ድክመቱ ከተማዋን አለማሳየቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ሥር ትውሉና ስትወጡ ያው የምታውቁት አንድ ጣቢያ ነው።

2. የቴምዝ ዳር የእግር ጉዞ

ከዌስትሚኒስተር ድልድይ ተነሥታችሁ በወንዙ ደቡባዊ ዳር እስከ ታወር ድልድይ። ርቀቱ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሳይቆሙ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ እያዩ ሲሄዱ ግን 4 ሰዓት ይፈጃል። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ወንዙን በግራ ይዞ የሚሄድ ሰው አይጠፋም።

ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሂዱ እንጂ አታዙሩት። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጠዋት ፓርላማው ፊት ለፊት ሰው ሳይበዛ ታያላችሁ። ሁለተኛ፣ መጨረሻው ታወር ድልድይ ነው፤ ዘግይታችሁ ከወጣችሁ ደግሞ አመሻሽ ላይ መብራቱ በርቶ ትደርሳላችሁ። በመንገዱ ከዋተርሉ ድልድይ ሥር አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡበት ገበያ አለ። ቀጥሎ ድሮ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የነበረው፣ ከ2000 ጀምሮ ሙዚየም የሆነው ቴት ሞደርን ይመጣል። መግቢያው ነፃ ነው፤ ለመጸዳጃ፣ ለማረፍና ከዝናብ ለመጠለል ከዚህ የሚሻል ቦታ በመንገዱ ላይ የለም። ከፊት ለፊቱ ያለው የእግረኞች ድልድይ ወደ ሴንት ፖል ያሻግራል።

በመንገዱ ላይ ያለው የምግብ ገበያ፣ ቦሮ ገበያ፣ ሰኞ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ክፍት ቢሆንም እኩለ ቀን ላይ መተላለፊያ የለውም። አንድ ሳሕን ምግብ ከ10 ፓውንድ በላይ ይፈጃል። ለማየትና ለማሽተት ግቡ፤ ምሳችሁን ግን ከሱፐርማርኬት ያዙ። ሳንድዊች፣ መክሰስና መጠጥ በአንድ ላይ 4 ፓውንድ ገደማ የሚሸጥበት ቅናሽ በየሱፐርማርኬቱ አለ፤ በብዙዎቹ ቅናሹን የምታገኙት የሱቁን ነፃ የአባልነት ካርድ ስልካችሁ ላይ ከጫናችሁ ነው። ጾም ላይ ላላችሁ “ቪጋን” የሚል ምልክት ያለበት ምግብ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የለበትም።

ለመመለስ ከታወር ሂል 15 ቁጥር አውቶቡስ ያዙ። በሴንት ፖል በኩል አድርጎ ወደ ትራፋልጋር አደባባይ ይወስዳችኋል፤ ፎቁ ላይ ከፊት ወንበር ተቀምጣችሁ የመሐል ከተማውን ሌላ ገጽ በአንድ የአውቶቡስ ጉዞ ዋጋ ታያላችሁ።

ዌስትሚኒስተር አቤይን ለመጎብኘት 30 ፓውንድ ገደማ ይከፈላል። ለማታው የመዝሙር ጸሎት ግን የመግቢያ ክፍያ የለም። ጸሎት ነውና ሞባይል አይነሣም፣ ፎቶ አይፈቀድም፣ መሐል ላይ ተነሥቶ መውጣትም ነውር ነው። የዕለቱን ሰዓት ከአቤዩ ድረ ገጽ አረጋግጡ።

ትልቁ ጠላት ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ነው። ድልድይ ላይ ጃንጥላ ይገለበጣል፤ ኮፍያ ያለው ውኃ የማያስገባ ጃኬት ይሻላል። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ አትውጡ።

3. ግሪኒች

ኮረብታ፣ መናፈሻና ወንዝ ላጣ ሰው ግሪኒች ነው። ዲ ኤል አር በሚባለው ቀላል ባቡር “ባንክ” ከሚባለው ጣቢያ ተነሥታችሁ “ካቲ ሳርክ” በሚባለው ጣቢያ ትወርዳላችሁ። ጣቢያው በዞን 2 እና 3 ወሰን ላይ ስለሆነ በዞን 2 ሒሳብ ይያዛል። ቸኩላችሁ ካልሆነ 188 ቁጥር አውቶቡስ ከመሐል ከተማ በኤሌፋንት ኤንድ ካስል አድርጎ ያደርሳል። የወንዝ ጀልባው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ዋጋው ከአውቶቡስ ብዙ እጥፍ ነው፣ ከቀን ጣሪያውም ውጭ ይቆጠራል። ካማራችሁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተሳፈሩበት።

የዲ ኤል አር ጣቢያዎች አብዛኞቹ በር የላቸውም። ካርድ ማስነኪያው ምሰሶ ላይ ያለ ሣጥን ብቻ ስለሆነ አዲስ ሰው ሳያየው ያልፋል፤ ያ ከፍተኛ ታሪፍ ያስቆርጣል፣ ተቆጣጣሪ ካገኘም ቅጣት አለው።

ብሔራዊ የባሕር ሙዚየምና ኩዊንስ ሃውስ ነፃ ናቸው። የመናፈሻው ኮረብታ አናት ላይ ከጄኔራል ዎልፍ ሐውልት ሥር ሆናችሁ ወንዙንና ረጃጅሞቹን ሕንጻዎች በነፃ ታያላችሁ። የሮያል ኦብዘርቫቶሪ፣ ማለትም የድሮው የሥነ ፈለክ መመልከቻ፣ ግቢ ግን ከ20 ፓውንድ በላይ ያስከፍላል። በ1884 የዓለም ዜሮ ኬንትሮስ ሆኖ የተመረጠው መስመር ግን በግቢው አጥር አያልቅም፤ ከግቢው በስተሰሜን ባለው የእግር መንገድ ላይ ግድግዳው ላይ ምልክት አለው። እዚያ ላይ አንድ እግር ወደ ምሥራቅ፣ አንድ እግር ወደ ምዕራብ አድርጎ ለመቆም የሚከፈል ነገር የለም።

ስትመለሱ በ1902 በተከፈተው የእግረኞች ዋሻ ከቴምዝ ሥር ተሻገሩ። 370 ሜትር ርዝመት አለው፣ ነፃ ነው፣ በወዲያኛው ዳር አይላንድ ጋርደንስ የሚባለው የዲ ኤል አር ጣቢያ ይገኛል። ከዚያ ዳር ዞራችሁ ስታዩ የግሪኒች ነጫጭ ሕንጻዎች በሙሉ ፊት ለፊታችሁ ናቸው። አሳንሰሩ አንዳንዴ ስለማይሠራ ደረጃ መውጣት የሚከብደው ሰው ይህን ይወቅ።

ዝናብ ከያዘ የግሪኒች ግማሽ ዋጋ ይጠፋል፤ ቀሪው ሙዚየሙ ብቻ ነው።

4. ከከተማ ወጣ ብሎ፦ ዊንዘር

የእንግሊዝ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ያለባት ዊንዘር ከዋተርሉ ጣቢያ በቀጥታ ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ናት፤ ከፓዲንግተን በስላው ለውጦ መሄድም ይቻላል። ኦይስተር እስከ ዊንዘር አይሠራም፤ ትኬት ግዙ፣ ሬይልካርድ ካላችሁ ስትገዙ ምረጡት፣ ባቡር ላይም ይዛችሁት ተገኙ። ካርዱ አብሯችሁ ካልተገኘ ትኬቱ እንደሌለ ይቆጠራል።

ቤተ መንግሥቱ ማክሰኞና ረቡዕ ዝግ ነው። የአዋቂ መግቢያ ከ30 ፓውንድ በላይ ነው፤ ከ18 እስከ 24 ዓመት ላለ ቅናሽ አለው፣ ቀድሞ በኢንተርኔት መግዛትም በር ላይ ከመግዛት ይረክሳል። ዋናው ወጥመድ ይህ ነው፦ በዚያው ትኬት የሚታየው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ የተቀበረው በዚያ ነው። በ1868 በ7 ዓመቱ ተወስዶ በኅዳር 1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ አረፈ፤ በቤተ ጸሎቱ ውስጥ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለው። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 አልተቀበለውም። ለእሱ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቅዳሜ ሂዱ፤ እሑድ ሄዳችሁ ሙሉ ዋጋ ከፍላችሁ ሳታዩ እንዳትመለሱ።

ባቡሩን ዓርብ ማታ ዳግመኛ አረጋግጡ። ለጥገና መስመር ሲዘጋ በባቡሩ ፈንታ አውቶቡስ ይመድባሉ፤ የአንድ ሰዓቱ መንገድ ሁለት ሰዓት ይሆናል። በዚህ ሁሉ ምክንያት ዊንዘር ለመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ምርጫ አይደለም። አበሉ ገብቶ፣ ሬይልካርዱ ወጥቶ፣ ከወር በኋላ ቢሆን ያው ጉዞ በቀነሰ ዋጋና በተረጋጋ ልብ ይደረጋል።

5. ቤት ማደላደል

እንደ መዝናኛ አይቆጠርም ይሆናል፤ ነገር ግን ብርድ ልብስ ሳይኖረው ሙዚየም የዋለ ሰው ሌሊቱን ያስታውሰዋል። ግማሽ ቀን ይበቃል።

አልጋችሁን ለኩ። የእንግሊዝ የአንድ ሰው አልጋ 90 በ190 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አንዳንድ የተማሪ መኖሪያ ግን 120 በ190 ያስገባል፤ ሳይለኩ የተገዛ አንሶላ አይገጥምም። ለ90ው አልጋ የሚሆነው የብርድ ልብስ መጠን 135 በ200 ነው። ማሸጊያው ላይ ቶግ የሚባል የሙቀት ቁጥር አለ፤ 4.5 የበጋ ነው፣ 10.5 ማሞቂያ ላለው ክፍል ዓመቱን ሙሉ ይሆናል፣ 13.5 ለሚበርደው ሰው ነው። ሶኬቱ ሦስት ባለ አራት ማዕዘን እግር ስለሆነ የአገር ቤት ቻርጀር አይገባም። ድስት፣ ሳሕንና ማንኪያ ከበጎ አድራጎት ሱቆች በጥቂት ፓውንድ ይገኛል፤ በነዚህ ሱቆች ካፖርትም ይገኛል፣ ግን እሑድ ብዙዎቹ አይከፍቱም።

ቅዳሜ ከቤት ሳትወጡ የሚሠራ ሥራም አለ። የሰፈር ሐኪም ዘንድ መመዝገብ በኢንተርኔት ይቻላል፤ የጤና ክፍያውን ከቪዛው ጋር ስለከፈላችሁት ለምዝገባው የምትጨምሩት የለም። ሳትታመሙ ተመዝገቡ። ቪዛው አሁን በኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ባንኩ የሚጠይቃችሁን የማረጋገጫ ኮድ ከመንግሥት ድረ ገጹ አውጡ። የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤም ጠይቁ፤ በደብዳቤው ላይ ያለው አድራሻ ከመኖሪያችሁ ጋር አንድ መሆኑን እዩ። አንድ ፊደል ሲለያይ ማመልከቻው ይመለሳል።

እንጀራና በርበሬ የናፈቀው በኪንግስ ክሮስና በካሌዶኒያን መንገድ አካባቢ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶችን ያገኛል።

በሠንጠረዥ ሲታይ

| አማራጭ | መግቢያ | ደርሶ መልስ | ቀድሞ መያዝ | የሚሻለው ቀን | ዝናብ ቢመጣ | የሚፈጀው ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ደቡብ ኬንሲንግተን | ነፃ | በአውቶቡስ 3.50፣ በቲዩብ ከዚያ በላይ | ለተፈጥሮ ታሪክና ለሳይንስ ይመከራል | እሑድ ጠዋት | ችግር የለም | 4–5 ሰዓት |
| የቴምዝ ዳር | ነፃ | በአውቶቡስ 3.50 | አያስፈልግም | ቅዳሜ | ይከብዳል | 4–5 ሰዓት |
| ግሪኒች | ነፃ (ኦብዘርቫቶሪው ከ20 በላይ) | በአውቶቡስ ከ3.50 ጀምሮ፣ በባቡር ከዚያ በላይ | አያስፈልግም | ሁለቱም | ግማሹ ይበላሻል | 5–6 ሰዓት |
| ዊንዘር | ከ30 በላይ (ለወጣት ቅናሽ አለ) | የባቡር ትኬት፣ ከኦይስተር ውጭ | ግዴታ ማለት ይቻላል | ቅዳሜ ብቻ | መጠነኛ | ሙሉ ቀን |
| ቤት ማደላደል | — | እንደ ሰፈሩ | አያስፈልግም | ቅዳሜ | ችግር የለም | 3–4 ሰዓት |

ዋጋው በፓውንድ ነው፤ የአውቶቡሱ በ2025 ታሪፍ ተሰልቷል፣ ምሳ አልተደመረም።

ለማን የትኛው?

አበሉ ያልገባለት፣ በእጁ 10 ፓውንድ ብቻ ያለው፦ ቅዳሜ የቴምዝ ዳር። ሁለት የአውቶቡስ ጉዞና የሱፐርማርኬት ምሳ በ2025 ታሪፍ 8 ፓውንድ አይሞላም። ለብዙዎቻችሁ የምመክረውም ይኸው ነው፤ በአንድ ቀን የከተማዋ አከርካሪ የሆነውን ወንዝ ታውቃላችሁ፣ ከዚያ በኋላ የድልድዮቹን ስም ስትሰሙ የት እንዳሉ ይገባችኋል። የክፍል ጓደኛ ለመጋበዝም የሚቀለው ነው፤ ትኬት የለው፣ ደከመኝ ያለ ባለበት ጣቢያ ይመለሳል።

ገና ሁለት ቀን የሆናችሁና እንቅልፍ ያልያዛችሁ፦ ቅዳሜ ጠዋት ቤት አደላድሉ፣ እሑድ አንድ ሙዚየም ብቻ። የሦስት ሰዓት የሰዓት ልዩነት (በበጋው ሁለት) ትንሽ ቢመስልም ማታ በጊዜ እንቅልፍ ይጥላል፤ ለማታ ፕሮግራም አትክፈሉ።

እሑድ ቅዳሴ የሚሄዱ፦ ለንደን ውስጥ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። የእሑድ ጠዋት ባቡር ዘግይቶ ስለሚጀምር መንገዱን ቅዳሜ ማታ አጥኑ፤ የሌሊት አውቶቡስ ግን አለ። ጉብኝቱን ለቅዳሜ አድርጉት። ከቅዳሴ በኋላ የምታገኟቸው የቆዩ ሰዎች ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሥራ የሚነግሯችሁ ከማንኛውም መመሪያ የቀረበ ነው።

በማቅደላ ጉዳይ ልባቸው የሚነካ፦ መጀመሪያ ቪክቶሪያና አልበርት፣ በሌላ ቀን ብሪቲሽ ላይብረሪ፣ ዊንዘርን ከወር በኋላ አንድ ቅዳሜ። ሦስቱን በሁለት ቀን ማጨቅ ገንዘቡንም ስሜቱንም ያባክናል።

በጥር የሚገቡ፦ ቅደም ተከተሉን አዙሩት። ከቤት ውጭ ያለውን ከ10:00 እስከ 15:30 ጨርሱ፣ ሙዚየሙን ለአመሻሽ አቆዩት።

ማታ ለምታመሹ ደግሞ ይህን ያዙ። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊቱን የሚሠሩት የቲዩብ መስመሮች ቪክቶሪያ፣ ጁቢሊ፣ ሴንትራል፣ ኖርዘርንና ፒካዲሊ ናቸው፤ ኖርዘርን ግን በሁሉም ቅርንጫፍ አይደለም። እሑድ ሌሊት ይህ አገልግሎት የለም።

እሑድ አስቤዛ ለመግዛት ካሰባችሁ ከ280 ካሬ ሜትር የሚበልጡ ሱቆች በሕግ ከ10:00 እስከ 18:00 ባለው ውስጥ 6 ሰዓት ብቻ ነው የሚሸጡት፤ ብዙዎቹ 16:00 ወይም 17:00 ይዘጋሉ። በትናንሾቹ ቅርንጫፎች ማምሻውን ታገኛላችሁ፣ ዋጋው ግን ይጨምራል። ከመዘጋቱ አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ትልቁን ሱቅ ከደረሳችሁ ቀኑ ሊያልፍበት የተቃረበ ዳቦና አትክልት ቢጫ ምልክት ተለጥፎበት በቅናሽ ይሸጣል፤ ዳቦውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብታችሁ ለሳምንቱ ጠዋቶች ማቆየት ትችላላችሁ።